ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቴ ጋቢና የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ጋቢው ለአሰላ ብርድ ነው፤ ይሁን። «ሰዓቱ ግን የሚቸኩልበት ለሌለው ሰው ምን ይሠራል?» ብዬ ለባለቤቴ አሾፍኩ። ሰዓት የሚባል ነገር በስተርጅና ሊያዋርደኝ እየመጣ መሆኑን ባውቅ ኖሮ አላሾፍም ነበር። እሱን በቦታው እናገራለሁ።

ሽኝቱ ላይ ወጣቱ አለቃችን ተነሥቶ «ጋሽ ሙሉጌታ ኮምፒውተራችን ሲበላሽ የሚጠግኑልን አባታችን ናቸው» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሆዴ ግን አልረካም። ጠጋኝ ብቻ? ከጭላሎ ግርጌ እስከ ዝዋይ ዳር ድረስ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከምንጩ አንሥቶ በገዛ እጁ የገነባ ሰው ከእኔ በፊት ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። ኮሌጅ አልገባሁም። ሰርተፊኬት የሰጠኝ ትምህርት ቤትም የለም። እንግሊዝኛውን እንኳ ከማሽኑ ጋር በመጣው መምሪያና ጠርዙ በተበላ መዝገበ ቃላት ነው የተማርኩት። ጉረኛ የሚለኝ ይኖራል። ጉራ ነውር የሚሆነው ባዶ ሲሆን ነው፤ የእኔ ሙሉ ነው። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

ነገሩን ለማያውቀው ላስረዳ፤ ከባድ አይደለም። ዛሬ ልጆቹ ፕሮግራም ሲፈልጉ አንድ ቁልፍ ይነካሉ፣ ያለቀለት ይመጣላቸዋል። ይህ ከሱቅ በፌስታል ዱቄት እንደ መግዛት ነው። ከምንጩ መገንባት ማለት ግን ስንዴህን ይዘህ ወፍጮ ቤት መሄድ ነው። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው በእጁ የጻፈው፣ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ አለ፤ ምንጩ እሱ ነው። ያንን ይዘህ ስክሪኑ ላይ በሚከፈተው ጥቁር መስኮት ትዕዛዝ ትጽፋለህ፣ ማሽኑ ለራሱ በሚስማማው መልክ ይፈጨዋል። ትዕዛዙ ሦስት ነው። በመጀመሪያው ማሽኑ ዙሪያውን ይቃኛል፤ የሚያስፈልገው ሁሉ በቤቱ መኖሩን ያረጋግጣል። በሁለተኛው ይፈጫል። በሦስተኛው የተፈጨውን በየዕቃው ይከታል። ይኸው ነው። ይኸው ነው ብዬ የጻፍኩትን ለመማር ግን ጎልማሳነቴን ጨርሻለሁ።

ሥራ የጀመርኩት የጽሕፈት መኪና በመጠገን ነው። የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ፊደሏ ሲጣበቅ በነጭ ጋዝና በጥርስ ብሩሽ አጥቤ እመልሳት ነበር። ድምፅዋን ከኮሪደር ሰምቼ የትኛው ፊደል እንደታመመ እለይ ነበር ብል የሚያምነኝ የለም፤ እለይ ግን ነበር። ከዚያ ኮምፒውተር መጣና ጽሕፈት መኪናዎቼ መጋዘን ገቡ። እኔም አብሬ መጋዘን ልገባ ነው ብዬ ስፈራ፣ የመረጃ ክፍል ኃላፊ ሆነው አዴ ኩለኒ መጡ።

አዴ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው። የዲክሲስ ልጅ ናቸው፤ ውጭ አገር ስታትስቲክስ ተምረው ተመልሰዋል። የኛ መሥሪያ ቤት የአርሲን አዝመራ የሚመዝን ነው፦ የስንዴውን፣ የገብሱን፣ የባቄላውን። የወረዳዎቹ ቁጥር በየማሽኑ ይገባል፣ ማሽኖቹ ደግሞ በቫይረስ ታመው ይተኛሉ። አዴ ኩለኒ ሁሉንም አጥፍተው ሊኑክስ የሚባለውን፣ ቫይረስ ብዙም የማይደፍረውን የማሽን ሥርዓት አስገቡ። ኢንተርኔት እንደ ልብ ስላልነበረ የሚያስፈልጉንን ፕሮግራሞች ምንጭ በሲዲ አስመጥተው እዚሁ መገንባት ያዙ። ያን ሰሞን እኔ የኤሌክትሪክ ገመድ እጠቀልል ነበር። እየጠቀለልኩ አያለሁ። ሲወጡ ደግሞ እቀመጥና እሞክራለሁ።

አንድ ቀን ከምሳ ቀድመው ተመለሱና ወንበራቸው ላይ ያዙኝ። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ስህተት ነው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እየገነባሁ ነው፣ አዴ።» ማን ይሸሻል!

«ምን ይላል?»

«መቶ ስህተት አለ ይላል።»

«መቶ የለም። ለቅሶ ቤት ስትሄድ ሟቹ ስንት ነው?»

«አንድ ነዋ።»

«ድንኳን ውስጥ የተቀመጠውስ?»

«እሱማ ብዙ ነው።»

«ታዲያ ሟቹን ትተህ ለቀስተኛውን ለምን ትቆጥራለህ? የመጀመሪያው ነው ስህተቱ፤ የቀሩት በሱ ምክንያት የመጡ ናቸው። በል ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ።»

አነበብኩ። አንድ ትንሽ ፋይል ጎድሎ ነበር። እሱን ሳመጣ መቶው ለቀስተኛ ድንኳኑን አፍርሶ ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ ገመድ አልጠቀለልኩም።

አዴ ኩለኒ ጠባያቸው ልዩ ነበር። ከእያንዳንዱ ምንጭ ጋር «አንብበኝ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል፤ ሰው ሁሉ ዘሎት ነው የሚያልፈው። እሳቸው ግን ከወንበር ተነሥተው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ እንደ ዳኛ ፍርድ ጮክ ብለው ያነቡታል። «ሰውዬው አንብበኝ ብሎ ለምኖህ አልሰማህ ካልክ፣ በኋላ ሲበላሽ ማንን ትወቅሳለህ?» ይላሉ። ሌላው ደግሞ ከመምታት በፊት መናገር ነው። ትዕዛዙን ጽፌ ጣቴን ኢንተር ላይ ሳደርግ «ምን ትጠብቃለህ?» ይላሉ። «አላውቅም» ካልኩ እጄን ከቁልፉ ላይ አንሥተው ጭኔ ላይ ያስቀምጡታል። ልጅን ከእሳት እንደ ማራቅ ነው። መሳቢያቸው ውስጥ በቆርቆሮ ጩኮ አይጠፋም፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ የእናታቸው እጅ። አንዲት ቁራሽ እንኳ ግን ፕሮግራሙ ተገንብቶ ሳይሠራ አይቀመስም። ርቦኝ ብዙ የገነባሁት ነገር አለ።

አንድ ጊዜ ዲክሲስ ላይ የገነባሁትን ፕሮግራም ማሽኑ ራሱ ከሚቆምበት ዋና ፋይል ላይ ደረብኩት። አዲስ ነው፣ ይሻላል ብዬ ነው። ማሽኑ ከዚያ በኋላ ስሙን እንኳ መናገር አቃተው፤ ምን ትዕዛዝ ብሰጠው አይሰማም። አዴ ኩለኒ መጥተው አዩና «የቤቱን መሠረት ነቅለህ አዲስ ድንጋይ ልታስገባ ነው፤ ጣራው የት ይቁም?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የገነባሁትን ሁሉ ለብቻው ክፍል እሰጠዋለሁ። ቢበላሽ ክፍሉ ይዘጋል እንጂ ቤቱ አይፈርስም። ይህን ሕግ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱት ሲጠቅሱት ስሰማ፣ እኛ ዲክሲስ ላይ በብርድ ነው የተማርነው እላቸዋለሁ።

በየወረዳው ዞሬያለሁ። ዴራ ላይ አቧራውና ሙቀቱ ማሽኑን ያፍነዋል፤ ሜሞሪዋ ትንሽ ስለነበረች ሁሉን ባንድ ጊዜ ልፍጭ ስትል ትደክማለች። እኔ አንድ ፋይል ፈጭታ ሳትጨርስ ሌላ እንዳትነካ አዘዝኳትና ቀኑን ሙሉ በካርቶን እያራገብኳት ጨረሰች። የዚያ አለቃ ጥቁሩን መስኮት ባየ ቁጥር «ዛሬም አልተሻላትም?» ይለኝ ነበር። የኦጎልቾው ደግሞ ማሽኑን ጥልፍ አልብሶ በቁልፍ የሚዘጋ ሰው ነበር፤ ለመሥራት ማስፈቀድ፣ ጥልፉን ለማንሣት ደግሞ ሌላ ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ኦጎልቾ ላይ ያየሁትን ግን አልረሳም። ቁጥር የሚደምር አንድ ፕሮግራም ልገነባ ስል ሌላ ፕሮግራም ይፈልጋል፤ እሱን ልገነባ ስል እሱም ሌላ። በሬ ልዋስ ብለህ ጎረቤት ስትሄድ ቀንበሬን አስመልስልኝ ይልሃል፤ ቀንበሩ ያለበት ሰው ደግሞ መጀመሪያ ገመዴን ይላል። እኔ ግን እስከ ገመዱ ድረስ ሄጄ፣ ገመዱን ይዤ ተመልሼ፣ ሁሉንም ለባለቤቱ አድርሼ አርሻለሁ። ስለ ደመወዜ አላወራም። ስለ ውሎ አበል ፎርም ማውራት ደግሞ ራሱ አበል ያስፈልገዋል።

የአዴ ኩለኒ ዓይን መድከሙን ያወቅሁት በራሳቸው አባባል ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ አብረን እየገነባን ማሽኑ ቆመ። «ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ» አሉ። እንደ ወትሮው ሊፈትኑኝ መስሎኝ «ይኸው ፊትዎ ነው እኮ፣ ያዩታል» አልኩ እየሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ፊታቸው ወደ ስክሪኑ ነው፤ የሚያዩት ግን ከስክሪኑ ትንሽ ወደ ጎን ነው። «አንብብልኝ ነው የምልህ» አሉ በቀስታ። አነበብኩ። ድምፄ እንዳይሰበር ጮክ ብዬ አነበብኩ። ግላኮማ ነው አሉ ሐኪሞቹ፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም ይሄዳል። እሳቸው ከእኔ ቀድመው ጡረታ ወጡ፣ ብርሃኑም ቀስ እያለ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ልጃቸው ሀዊ ናት የምታነብላቸው። ነርስ ናት፤ ከሥራ ስትመጣ ደብዳቤ፣ ጋዜጣ፣ የድሮ የአዝመራ ዘገባ ሳይቀር ታነብላቸዋለች። እኔ ጡረታ በወጣሁ ማግሥት ሀዊ ወደ አዳማ እንድትዛወር ታዘዘች። ልጠይቃቸው ስሄድ እናትና ልጅ ተኳርፈው አገኘኋቸው።

«ጋሽ ሙሌ፣ እርስዎ ይፍረዱ» አለች ሀዊ። «ብቻቸውን እንዴት ልተዋቸው? አዳማ ቤት አግኝቻለሁ።»

«ሦስተኛ ፎቅ» አሉ አዴ ኩለኒ። «ለዚያውም አዳማ። እኔ የደጋ ሰው ነኝ፤ እዚያ እንደ ቅቤ ነው የምቀልጠው። በዚህ ቤት ከበሩ እስከ ጓዳው እጄ ያውቀዋል። ምግቡን የጎረቤት ልጅ ትሠራልኛለች።»

«አዮ፣ የከበደኝ ምግቡ አይደለም!» ሀዊ እናቷን አዮ ነው የምትለው። «ቀኑን ሙሉ ምን ሲያደርጉ ይውላሉ? ሳያነቡ፣ ሳይጽፉ፣ ግድግዳ ይዘው? ትናንት ከሥራ ስመጣ ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብለው ነው ያገኘኋቸው።»

«ለእኔ ሁሌም ጨለማ ነው፤ አምፖሉን ማብራት የአንቺ ሥራ ነው» አሉ። ሀዊ አለቀሰች። አዴ ኩለኒም በቀልዳቸው አፈሩ መሰለኝ፣ እጃቸውን ዘርግተው ፈለጓት።

ያኔ ነው እኔ የተናገርኩት። ማን ጠየቀኝ? ማንም። «ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም አለ» አልኩ። «አማርኛም ኦሮምኛም ያነባል። ሱቅ ያለው የቆየው ነው፣ የኛን ቋንቋ አያውቅም። አዲሱን ግን ከምንጩ እገነባዋለሁ። አዴ ኪቦርዱን በጣታቸው ነው የሚያውቁት። ጥቁሩ መስኮት ደግሞ ሁሉ ነገሩ ጽሑፍ ነው፤ ዓይን አይፈልግም። ራሳቸው ያነባሉ፣ ራሳቸው ይጽፋሉ።»

«ስልክም ያነባል እኮ» አለች ሀዊ።

«ስልክ መስተዋት ነው» አሉ አዴ ኩለኒ። «ለጣቴ የሚጨበጥ ነገር የለውም።»

ሀዊ አሰበች። «እሺ። ዕቃ የሚጭነው መኪና የሚመጣው ቅዳሜ ነው። እስከዚያ እናቴ ራሳቸው አንብበው ካሳዩኝ እዚሁ ይቆያሉ። ካልሆነ ግን፣ አዮ፣ ያለ ክርክር።»

«በሁለት ቀን!» አልኩ። «ሙሉጌታ ማለት እኮ እኔ ነኝ!»

«አዬ አንተ ጉረኛ» አሉ አዴ ኩለኒ፤ ፊታቸው ግን በርቶ ነበር። ያንን ፊት አይቼ ቤቴ እስክደርስ አፏጨሁ።

ማሽኑ የራሳቸው የድሮ ኮምፒውተር ነው። ውስጡ ያለው ትንሽ ባትሪ ሞቶ ስለነበር መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። ገበያ ዳር ካለው ሰዓት ጠጋኝ አዲስ ባትሪ ገዝቼ አስገባሁ። ቀኑን ስሞላ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ዓይነ ስውር ሰው ሲነሣ መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው ምንድን ነው? ቀኑን፣ ሰዓቱን። ማሽኑ ሲከፈት እሱን እንዲናገር አደርጋለሁ። ታዲያ የፈረንጅ ቀን ቢነግራቸው ምን ይረባል? ቀኑንም፣ ዓመቱንም፣ ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ሞላሁት። አንድ ጠዋት ድምፁ በእኛ ወር፣ በእኛ ዓመት «እንዲህ ነው ቀኑ» ሲላቸው የሚሆነውን ፊታቸውን እያሰብኩ፣ ለማንም ሳልናገር።

የፕሮግራሙን ምንጭ ከመሥሪያ ቤቱ ልጆች በፍላሽ አመጣሁ። ሦስቱን ትዕዛዝ የዘንድሮ ወጣቶች እንደሚያደርጉት በአንድ መስመር ደርድሬ፣ ኢንተር መትቼ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ መጨረሻው መስመር ላይ «የሚፈጭ ነገር አላገኘሁም» ይላል። ደገምኩ፣ ያው ነው።

ምንጩ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ እንደገና አስገለበጥኩ። ያው። ሜሞሪ አንሶት ይሆናል ብዬ ከወዳጄ ማሽን ሜሞሪ ነቅዬ ጨመርኩ። ያው። መፍጫው አርጅቷል ብዬ አዳማ ድረስ ወርጄ አዲስ የመፍጫ ፕሮግራም አመጣሁ፤ እሱን ጫንኩ። ያው። በሄድኩ ቁጥር ሀዊ «እሺ ጋሽ ሙሌ?» ትላለች፣ እኔም «ነገ» እላለሁ። አዴ ኩለኒ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው የኮምፒውተሩን ማራገቢያ ያዳምጣሉ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ብዙ ማሽን አሸንፎኛል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ የተሸነፍኩት መሥሪያ ቤት ነበር፣ አለቃ ነበር፣ ቢበዛ ዘገባ ይዘገይ ነበር። አሁን የተሸነፍኩት አስተማሪዬ ቤት ውስጥ፣ እሳቸው እያዳመጡ ነው።

ዓርብ ጠዋት ስሄድ በረንዳው በካርቶን ተሞልቷል። ሀዊ ድስቶቹን በጋዜጣ እየጠቀለለች ታሽጋለች።

«ሳይሆን ቀረ፣ አይደል?» አለችኝ፤ ለእኔም አዝና።

«ሜሞሪዋ ነው መሰለኝ…»

«ሜሞሪው ትናንት ነበር፣ ጋሽ ሙሌ። ተቀየረ እኮ።»

ልሰናበታቸው ገባሁ። አዴ ኩለኒ ከማሽኑ ፊት ተቀምጠዋል፤ ጣቶቻቸው ኪቦርዱ ላይ ናቸው፣ አይመቱም፤ ዝም ብለው ፊደሎቹን ይዳብሳሉ።

«አልቻልኩም፣ አዴ» አልኩ። ይህን ቃል ከአፌ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ይመስለኛል።

«ታኢ» አሉ፤ ተቀመጥ ማለታቸው ነው። «ምን ምን አደረግህ?»

ሁሉንም ዘረዘርኩ። ሜሞሪውን፣ አዳማን፣ መፍጫውን።

«ያን አልጠየቅሁም። ማሽኑ መጀመሪያ ምን አለህ?»

«መጨረሻ ላይ…»

«ሙሉጌታ። መጨረሻውን ጠየቅሁህ?»

«ሦስቱን ትዕዛዝ በአንድ መስመር ነው የምሰጣት፤ የላይኛው ሮጦ ያልፋል። ዘንድሮ እንደዚህ ነው የሚሠራው።»

«ዘንድሮን ተወውና እንደ ድሮው አድርገው። የመጀመሪያዋን ብቻ ጻፍ።»

ጻፍኩ። ጣቴን ኢንተር ላይ ሳደርግ እጃቸው መጥቶ እጄ ላይ አረፈ። እንዴት እንዳወቁ አላውቅም።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«ዙሪያዋን ቃኝታ ሁሉም አለ እንድትል።»

«ምታ።»

መታሁ። ትንሽ መስመር ወጣና ማሽኗ ቆመች። ቆመች! ያን ሁሉ ቀን መጀመሪያው ላይ ነበር የምትቆመው፤ እኔ ሻይ ስጠጣ።

«ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ።»

«‹አሁን የፈጠርኩት ፋይል ከተሰጡኝ ፋይሎች በዕድሜ ይበልጣል› ትላለች።» ከዚያ የቀጠለውን አየሁ። «‹ሰዓትህን ተመልከት› ትላለች።»

«ዛሬ የተወለደ ከአያቱ ይበልጣል እንዴ?» አሉ አዴ ኩለኒ። ግንባራቸው ተቋጠረ፤ ሒሳብ ሲሠሩ እንደዚያ ናቸው። «ማሽኑ ላይ ቀኑ ስንት ነው?»

እኔ አውቄዋለሁ። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ስሞላ ማሽኑን ከፈረንጁ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መልሼዋለሁ። ፕሮግራሙ ደግሞ የተጻፈው ከዚያ ወዲህ ነው። ለማሽኑ ምንጩ ገና ያልተጻፈ፣ ከነገ የመጣ ነገር ነው፤ እንዴት ይፍጨው? በየትኛው አገር ያለ ሰው ይህን ስህተት ይሠራል? የኛ አገር ሰው ብቻ።

ነገርኳቸው። ባትሪውን፣ ቀኑን፣ ሊያስደስታቸው የታሰበውን ጠዋት። አቀርቅሬ ነው የነገርኳቸው።

ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ሳቅ ነው። ሀዊ ድስት እንደያዘች ሮጣ መጣች።

«ያን ሁሉ ዓመት ወደ ኋላ መለስከኝ?» አሉ እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ።

«ለእርስዎ ብዬ ነው፣ አዴ።»

«አውቃለሁ።» ሳቃቸው ቀስ እያለ ቆመ። «በዚያ ዓመት እኮ ዓይኔ ያይ ነበር።»

እጄን መታ መታ አደረጉ።

«በል ወደ ዛሬ መልሰን፣ ሙሉጌታ።»

የማሽኑን ቀንና ሰዓት እንደ ፈረንጁ ሞላሁት። የመጀመሪያዋን ትዕዛዝ ሰጠሁ፤ ዙሪያዋን ቃኝታ ሁሉም አለ አለች። ሁለተኛዋን ሰጠሁ። መስመሮቹ ስክሪኑ ላይ እንደ እህል ከቁና መፍሰስ ጀመሩ፤ ማራገቢያው ድምፁን ከፍ አደረገ። አዴ ኩለኒ ጆሯቸውን ሰጥተው «እየፈጨች ነው» አሉ። ያንን ድምፅ ስንት ዓመት አብረን ሰምተናል! ሲበቃም ራሳቸው «ጨረሰች» አሉ፣ እኔ ሳልናገር። በሦስተኛው ትዕዛዝ ለብቻው ክፍል ሰጥቼ ተከልኩት።

«አሁን ይጻፉ፣ አዴ። የጻፉትን ታነባለች።»

ጣቶቻቸው ሄዱ። አልዘገዩም፤ አንድ ፊደል አልሳቱም። ከድምፅ ማጉያው ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያለ ድምፅ ወጣ፦

«ሙሉጌታ ጉረኛ ነው።»

ሀዊ ጮኸች። አዴ ኩለኒ ሌላ መስመር ጻፉ።

«ግን ይገነባል።»

በሥራ ዘመኔ ብዙ የምስክር ወረቀት ተሰጥቶኛል፤ የግድግዳ ሰዓቱንም ቁጠሩት። እንደዚያች መስመር ያለ ግን አላገኘሁም።

ከዚያ «አንብበኝ» የሚለውን ፋይል ስም ጻፉ። ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ተነሡ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ይህ ጽሑፍ የፈረንጅ ነውና ድምፁ ወደ እንግሊዝኛ ዞሮ ከላይ ጀመረ። እሳቸው ቆመው እስከ መጨረሻው አዳመጡ፣ አልፎ አልፎ ራሳቸውን እየነቀነቁ። ሀዊ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። ድስቱ ላይ የጠቀለለችውን ጋዜጣ ቀስ ብላ መፍታት ጀመረች።

«ጩኮ አለ ቁም ሣጥኑ ውስጥ» አሉ አዴ ኩለኒ ማሽኑ ሲጨርስ። «አሁን ይበላል።»

ሀዊ ቅዳሜ በአንድ ሻንጣ ብቻ ሄደች። በየሳምንቱ ትመጣለች። አዴ ኩለኒ የአርሲን የአዝመራ ነገር፣ የድሮውንና የአሁኑን እያስተያዩ መጻፍ ጀምረዋል፤ የጻፉትን ማሽኑ መልሶ ያነብላቸዋል፤ ሲሳሳት ይሰድቡታል። ኦሮምኛው ከአማርኛው ይሻላል ይላሉ። እኔ ሁለቱም የእኔ ግንባታ ስለሆኑ አልከራከርም።

የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ማሽኑ ጠዋት ሲከፈት ቀኑን ይናገራል፤ የሚናገረው ግን የፈረንጁን ነው። «ይህ ለእኔ ምንም አይደለም» አልኳቸው። «የፈረንጁን ወደ እኛ የሚመልስ ትንሽ ፕሮግራም ራሴ እጽፋለሁ፤ ምሳ ሳይደርስ ይጠናቀቃል።» ይህ ጉራ አይደለም፤ እችላለሁ።

«አትጽፈውም» አሉ።

«ለምን?»

«ሁሉን ማሽኑ ከነገረኝ፣ አንተ ምን ልትነግረኝ ትመጣለህ?»

ስለዚህ አልጻፍኩትም። ጠዋት ጠዋት ጋቢዬን ደርቤ፣ የተሸለምኩትን የግድግዳ ሰዓት አይቼ እወጣለሁ። እሳቸው የስታትስቲክስ ሰው ናቸው፤ ማሽኑ ከነገራቸው ላይ በልባቸው ቀንሰው ቀኑን ከእኔ ቀድመው እንደሚያውቁት አውቃለሁ። ማወቄንም ያውቃሉ። በሩን አንኳኩቼ እገባለሁ፤ «እህ?» ይላሉ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዙረው። እኔም ቆሜ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ ዕለቱን፣ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመተ ምሕረቱን ከላይ ጀምሬ እነግራቸዋለሁ።